የሚሰምጥ ፔዳል፦ በፈጣን መኪኖች ላይ የፍሬን መላላት መንስኤና አጠጋገን

የፍሬን ፔዳል ላላ የሚባለው፣ ሲረገጥ ወዲያውኑ ጠንከር ብሎ እግርን መቋቋም የሚገባው ፔዳል ብዙ ሳይቋቋም ወደ ታች ሲሰምጥና መኪናው ፍጥነት መቀነስ የሚጀምረው ፔዳሉ አብዛኛውን መንገዱን ከተጓዘ በኋላ ሲሆን ነው። አሽከርካሪው ሳያስበው እግሩን ከጉድለቱ ጋር ስለሚያለማምድ፣ በከተማ ፍጥነት ችግሩ ለሳምንታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን በየሴኮንዱ 55 ሜትር ያህል ስለሚያልፍ፣ የሰመጠውን ፔዳል ለቆ እንደገና ለመርገጥ የሚጠፋው ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ከ27 ሜትር በላይ መንገድ ይበላል፤ ጠባብ በሆኑ የእሽቅድምድም ሜዳዎች ላይ ይህን ያህል ትርፍ ቦታ በመንገዱ ዳርና በብረት አጥሩ መካከል አይገኝም።

ይህ ሲያጋጥም ብዙ ባለ መኪናዎች በቅድሚያ የሚያስቡት አዲስ ዕቃ ስለ መግዛት ነው። ትልልቅ ካሊፐሮች (የፍሬን መጨበጫዎች)፣ በብረት ሽቦ የተሸመኑ ቱቦዎችና ውድ የእሽቅድምድም ሸራዎች ተገዝተው ይገጠማሉ፣ ፔዳሉም አንዳንድ ጊዜ እንደነበረው ይቀራል። ፔዳል የሚሰምጠው በእግር የተገፋው ዘይት ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ዲስክ ጋር በማጣበቅ ፈንታ ሌላ ቦታ ስለዋለ ነው፤ ይህም አየርን በማመቅ፣ ያረጀን ቱቦ በመንፋት፣ የተጣመመን ሸራ በማቃናት ወይም ባለቀ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) በኩል ወደ ኋላ በመፍሰስ ሊሆን ስለሚችል፣ ከግዢ በፊት ዘይቱ የት እንደዋለ መፈለግ የጥገናው ዋና ሥራ ነው።

የዛሬው ፍሬን የቆመው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባብራራው ሕግ ላይ ሲሆን፣ ሕጉም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀነስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ይናገራል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር በሚባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፤ ግፊቱ በቀጭን የብረት ቱቦዎች ተጉዞ ካሊፐር ወደሚባለው፣ ዲስኩን ከሁለት ወገን ወደሚጨብጠው አካል ይደርሳል፤ በካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተንም ሸራውን በዲስኩ ላይ ይጭነዋል። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ይህን ሕግ ለመኪና ፍሬን ካዋለ በኋላ፣ የዱዘንበርግ ኩባንያ መኪና በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይዞ በ1921 እ.ኤ.አ. በለ ማን ከተማ የተካሄደውን የፈረንሳይ ግራን ፕሪ አሸነፈ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃጓር በዚያው ከተማ የ24 ሰዓቱን ውድድር ባለ ዲስክ ፍሬን በተገጠመላቸው መኪኖች አሸነፈ። የፍሬን ዕድገት ከእሽቅድምድም ሜዳ ወደ ተራው መኪና የወረደ በመሆኑ፣ በሜዳ ላይ የሚታየው ድክመት ለተራው አሽከርካሪም ትምህርት አለው።

የአየር ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የማስተሩ ፒስተን 25.4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ካለው ስፋቱ አምስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ፔዳሉ ደግሞ ኃይልን በአምስት እጥፍ የሚያበዛ ማንሻ ነው ቢባል፣ ማለትም እግር አምስት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ፒስተኑ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ በቱቦው ውስጥ የቀረ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ፔዳሉን ከሞላ ጎደል አንድ ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መንገድ እንዲጓዝ ያደርገዋል። አየር ግፊት ሲያርፍበት እየታመቀ ስለሚጠብ፣ በ50 ባር ግፊት ላይ የዚያ አረፋ ይዘት ወደ አንድ ሃምሳኛ ይወርዳል፤ ጤናማው ዘይት ግን በ100 ባር ግፊት እንኳ የሚታመቀው ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ብቻ ነው። አሽከርካሪው በእግሩ የሚሰማው ልስላሴ እንግዲህ በአመዛኙ የጋዝ መታመቅ ነው፤ ጋዙ ግን አየር ላይሆን ይችላል፣ ዘይቱ ራሱ ፈልቶ የፈጠረው እንፋሎትም ሊሆን ይችላልና፣ በፈጣን መኪኖች ላይ ትልቁ ጉዳይ ይኸኛው ነው።

ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተመረተው፣ በአምራቹ መለያ ኢ46 የሚባለው የቢኤምደብልዩ ኤም3 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። መኪናው 343 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ የፊት ዲስኮቹ 325 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አላቸው፤ ካሊፐሮቹ ግን በአንድ ወገን ብቻ ፒስተን ያላቸው ተንሸራታች ካሊፐሮች ናቸው። ይህ መኪና በጀርመን አገር በ1927 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር ላይ ሲነዳ፣ ከፍታው በ300 ሜትር ያህል በሚለዋወጠው በዚያ መንገድ ላይ ከትልቅ ፍጥነት ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ደጋግሞ ይወርዳል። ከአሽከርካሪው ጋር 1600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ200 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀንስ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 1.85 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ ይህም ከአምስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፣ አብዛኛው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በአራት ዲስኮች ላይ፣ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው ክብደቱ በሚያዘነብልባቸው በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ያርፋል።

በኢትዮጵያ ደጋማ መንገዶችም የዚህ ሙቀት ወንድም አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጥል፣ 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በየ1000 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት ወደ 15 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ማስወገድ አለበት። ሞተሩና ነፋሱ የተወሰነውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ አሽከርካሪው ማርሹን ከፍ አድርጎ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ቀሪው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል የሚታየው አደጋም ከሜዳው ጋር አንድ ዓይነት የሙቀት ታሪክ አለው።

ዘይቱ የሚፈላበት ጊዜ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ሥር ስለሆነ በቀላሉ አይፈላም፤ አሽከርካሪው እግሩን አንሥቶ ቀጣዩን ቀጥ ያለ መንገድ ሲጋልብ ግን ግፊቱ ይለቃል፣ የዲስኩም ሙቀት በሸራውና በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ መዝለቁን ይቀጥላል። በአንዱ መታጠፊያ ላይ ሙሉ የነበረ ፔዳል በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ወለል ድረስ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎችም ከከባድ መታጠፊያ በፊት ፔዳሉን በግራ እግራቸው በቀስታ ነካ አድርገው መኖሩን የሚያረጋግጡት ለዚህ ነው።

በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ግላይኮል ከሚባለው ኬሚካል የሚሠራ ሲሆን፣ ግላይኮል በጎማ ቱቦዎችና በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየር እርጥበት እየሳበ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። ስለዚህ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባወጣው ደረጃ እያንዳንዱ ዘይት ሁለት የመፍላት ሙቀት አለው፤ አንዱ አዲስና ደረቅ ሳለ፣ ሌላው 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚለካ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት ደረቅ ሳለ ቢያንስ እስከ 205፣ ውሃ ሲጠጣ ቢያንስ እስከ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ለእሽቅድምድም የሚዘጋጁት ዘይቶች ደረቅ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይቋቋማሉ። ገዢው በጣሳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የደረቅ ቁጥር ቢያይም፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚነዳው ወደ እርጥቡ ቁጥር እየቀረበ በሚሄድ ዘይት ስለሆነ፣ ለመኪናው የሚያስበው ሰው ይበልጥ ማወዳደር ያለበት ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ዶት 5 የሚባለው ደግሞ ስሙ ከዶት 5.1 ጋር ቢቀራረብም ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ ነው፤ ከግላይኮል ጋር አይዋሃድም፣ አየር በውስጡ ስለሚይዝም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ በተገጠመለት መኪና ውስጥ መግባት የለበትም።

ምርመራው የሚጀምረው መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በእግር ነው። ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ፣ በመሥመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም ሸራዎቹ ከዲስኩ ርቀዋል ማለት ነው። በእኩል ኃይል ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ በውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ካልታየና በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ካልጎደለ፣ የማስተሩ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው የማይቆም ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ የሞቀ ሸራ ሰበቃውን አጥቷል፣ ወይም በተለምዶ ሰርቮ የሚባለው የእግር ኃይል ማበልጸጊያ ደክሟል። ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳብ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል በሚያንስባት በአዲስ አበባ እርዳታው ይቀንሳል፤ ይህ ግን ፔዳሉን ያከብደዋል እንጂ አያላላውም፤ ሁለቱን ማምታታት ያለ ጥፋቱ ማስተርን ያስቀይራል።

አየር እንዳለ ከተጠረጠረ የትኛው ጎማ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ለዚሁ በተሠራ፣ ጎማውን በማይቆርጥ መቆንጠጫ ተጣጣፊዎቹ የጎማ ቱቦዎች በየተራ ይታፈናሉ፤ አንዱ ሲታፈን ፔዳሉ ጠንክሮ ሌላው ሲታፈን ካልተለወጠ፣ ችግሩ ከመጀመሪያው ቱቦ ወዲያ ባለው ካሊፐር ዘንድ ነው። በብረት ሽቦ የተሸመኑ ቱቦዎች ግን ውስጣቸው ስለሚሰበር በፍጹም መታፈን የለባቸውም። አራቱም ታፍነው ፔዳሉ አሁንም ከሰመጠ፣ ተመርማሪዎቹ ማስተርና ኤቢኤስ ብቻ ይሆናሉ።

በፈጣን መኪኖች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት ሰዓታት ያባክናል። ባለ መኪናው ካሊፐሮችን ፈትቶ ሲመልስ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ከገጠመ፣ የአየር ማውጫው ብሎን ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ይሆናል፤ አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከብሎኑ ንጹሕ ዘይት እየፈሰሰ አረፋው በካሊፐሩ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ይቀራል። ብዙ ሊትር ዘይት ቢፈስስም የማይጠነክር ፔዳል ሲያጋጥም መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ይኸው ነው።

ተንሸራታች ካሊፐር ባላቸው እንደ ኤም3 ባሉ መኪኖች ላይ ካሊፐሩ በዘንጎች ላይ ሲንሸራተት የሚደገፍባቸው የጎማ ቀለበቶች በዕድሜና በሙቀት ይለሰልሳሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥም ካሊፐሩ ቀጥ ብሎ በመጨበጥ ፈንታ ይጣመማል፣ ሸራውም በአንድ ጫፍ ብቻ እየተበላ ሽብልቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመሥመሩ ውስጥ አንድም አረፋ ሳይኖር ፔዳሉ ይላላል፤ የተጣመመውን ሸራ ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚሄደው የእግር መንገድ ከአየር ጋር አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጣልና። ሸራውን አውጥቶ ሁለቱን ጫፎች መለካት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ሲሆን፣ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ሸራውም ቀለበቶቹም አብረው መቀየር አለባቸው። ብዙዎች በጎማው ቀለበት ፈንታ የናስ ቀለበት ያስገባሉ፤ ፔዳሉን በእርግጥ ያጠነክረዋል፣ ነገር ግን ናስ ከአቧራ የሚከልለው ስለሌለ ተደጋጋሚ ጽዳት ይፈልጋል፤ ለሜዳ መኪና ተገቢ፣ በየቀኑ በአቧራ ለሚነዳ መኪና ግን የማይመከር ምርጫ ነው።

በብረት ሽቦ ስለተሸመኑት ቱቦዎች የሚነገረው ውዳሴ ከሚገባው በላይ ነው። ያረጀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በግፊት ስለሚነፋ መቀየሩ ልዩነት ያመጣል፤ ጤናማ ቱቦ ሲቀየር ግን የሚሰማው መሻሻል አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን የገባው አዲስ ዘይትና የወጣው አየር ሥራ ነው። ትላልቅ ካሊፐሮች ደግሞ ሊጎዱም ይችላሉ፤ የፒስተኖቻቸው ጠቅላላ ስፋት ከቀድሞው ከበለጠ፣ ለመንቀሳቀስ የሚፈልጉት ዘይት ስለሚጨምር የድሮው ማስተር ያንን ለማሟላት ረጅም መንገድ መጓዝ ይኖርበታል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ማስተሩን ከ25.4 ወደ 27 ሚሊ ሜትር መለወጥ ስፋቱን በ13 በመቶ ስለሚያሳድግ ፔዳሉን ያሳጥረዋል፤ በዚያው መጠን ግን እግር የበለጠ ኃይል እንዲያወጣ ያስገድዳል።

አንድ የተለየ ዓይነት መላላት ደግሞ አለ። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ የጎማው ኩሽኔታ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዲስኩ ከተወላገደ፣ ዲስኩ ፒስተኖቹን ወደ ካሊፐሩ ውስጥ ይገፋቸዋል፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን ሙሉ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ላይና ታቹን ይዞ መወዝወዝ የኩሽኔታውን ሁኔታ ይገልጣል፤ የዲስኩ መወላገድ በመለኪያ ሲታይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሊጠረጠር ይገባዋል።

አየር የማውጣት ሥራ ትዕግሥት የሚፈልግ ቢሆንም ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹና ብዙውን ጊዜ ፍቱኑ ነው። በማጠራቀሚያው ያለው ጥቁር ዘይት ተመጥጦ ይወጣል፣ ያልተከፈተ ጣሳ ተከፍቶ አዲሱ ይሞላል፤ ከማስተሩ በጣም የራቀው ጎማ መጀመሪያ ይሠራል፤ በኤም3 ላይ ቅደም ተከተሉ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በአየር ማውጫው ብሎን ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ በጠርሙስ ውስጥ ባለ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል፤ አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ተጭኖ ሲይዝ ሌላው ብሎኑን ሩብ ዙር በቻቪ ይከፍታል፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊትም ይዘጋል። በቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ቡናማ ዘይት ከአረፋ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ አረፋው እየጠራ ሲሄድ የጤፍ ቅንጣት የሚያክሉ ነጠብጣቦች ብቻ ይቀራሉ፤ ሥራው የሚያበቃው እነዚያም ጠፍተው ዘይቱ የማር ቀለም ሲይዝ ነው። ካሊፐሩን በጎማ መዶሻ በቀስታ መምታት ከጥጋጥጉ የተጣበቁትን ያስለቅቃል። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ ወለል እስኪነካ መረገጥ የለበትም፤ ፒስተኑ ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቀው የሲሊንደሩ ክፍል ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ጎሚኒውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ጉማጅ ማድረግ ጥበብ ነው። በመካከሉ ማጠራቀሚያው ከጎደለ ማስተሩ አየር ስለሚስብ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዘይቱ የመኪናን ቀለም ስለሚልጥ፣ በአካሉ ላይ የፈሰሰ ነጠብጣብ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፔዳሉ ካልጠነከረ፣ አየሩ በኤቢኤስ ክፍል ውስጥ ባሉት፣ በተለመደው አረጋገጥ በማይከፈቱ መዝጊያዎች ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ከነበረ ወይም ማስተር ከተቀየረ ይህ ይበልጥ የሚጠበቅ ሲሆን፣ መፍትሔውም የመኪናውን ኮምፒዩተር ከሚያናግር መመርመሪያ ጋር አገናኝቶ የኤቢኤስን ፓምፕና መዝጊያዎች እያሠሩ አየሩን ዳግም ማውጣት ነው። መመርመሪያ በሌለበት ጋራዥ፣ መኪናውን ባዶና አስፋልት ባልሆነ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ኤቢኤስ እስኪሠራ ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያም አየሩን እንደገና ማውጣት ይሞከራል፤ ይህ የሚደረገው ግን ፔዳሉ መኪናውን ለማቆም የሚበቃ ኃይል እንዳለው አስቀድሞ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

ከጥገናው በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥብቆ ይያዛል፤ ቱቦዎቹ ከካሊፐሩ የሚገናኙባቸው ብሎኖችና በሥራቸው ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች በደረቅ ጨርቅ ይነካሉ፣ ሮንዴላዎቹም አንዴ ከተፈቱ በአዲስ መተካት አለባቸው። አዲስ ሸራ ከገባ ከዲስኩ ጋር እስኪስማማ በመጠነኛ ፍጥነት ደጋግሞ ፍሬን መያዝና በየመካከሉ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው የሜዳ ውሎ በኋላም የፊት ካሊፐሮቹ ሲቀዘቅዙ አየራቸው አንድ ጊዜ ይወጣል፤ በሙቀቱና በንዝረቱ ከየጥጉ የተላቀቁት ጥቃቅን አረፋዎች የሚሰበሰቡት በዚያን ጊዜ ነው።